ደህናውን ጨርቅ ምን አደረገሽ?

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ከእንግዳ የሚደበቅ አንድ ነገር ነበር፤ ድሪቶ። በር ሲንኳኳ እማዬ «አንሺው ቶሎ!» ትላለች፤ እኔም ከመደቡ ላይ ጠቅልዬ ጓዳ እወረውረዋለሁ። የአባቴ የካኪ ሱሪ ጉልበት፣ የወንድሜ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ጀርባ፣ የዱቄት ከረጢት፣ የእኔ የዓውደ ዓመት ቀሚስ ቅሪት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነበሩ። የሐምሌን ብርድ ጋቢ ብቻውን አይችለውም፤ ክረምቱን ያሻገረን ድሪቶው ነው።

እማዬ ስትደርት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማየት እወድ ነበር። እራፊዎቹን መጀመሪያ አጥባ ታሰጣለች። «የሚሰበሰብ አሁኑኑ ይሰብሰብ» ትላለች። አቡጀዲ ከተሰፋ በኋላ ታጥቦ ከገባ ጎረቤቱን ካኪ ይዞ እንደሚኮማተር ታውቃለች። ክሩን አጥብቃ ስባው ስፌቱ ሲሸበሸብ አትደነግጥም፤ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር እየሰደደች ታፍታታዋለች። ሁለት እራፊ እኩል አልሆን ሲላት ደግሞ ትርፉን መጨረሻ ላይ አታከማችም። አንድ ስንዝር ተርትራ፣ ለእያንዳንዱ ስፌት ትንሽ ትንሽ እያቃመሰች፣ ትርፉ የት እንደገባ ሳይታወቅ ታልቃለች። ያም ካልሆነ እብጠቱን አጥፋ ሌላ እራፊ ትጥልበታለች። ሰርግ አይለበስ!

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እደርታለሁ። እዚህ ስሙ «ኩዊልት» ነው፤ ከስሙ ጋር ዋጋውም ተቀይሯል። ማንም ያልለበሰውን ድፍን ጨርቅ በያርድ እገዛለሁ፣ እቆራርጠዋለሁ፣ ከዚያ መልሼ እገጣጥመዋለሁ። ይህን ለእማዬ በስልክ ላስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። «ቆይ፣ ደህናውን ጨርቅ ምን አደረገሽ?» አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም።

የመጀመሪያውን ጨርሼ ወለል ላይ ባነጥፈው መሃሉ ተሸብሽቧል፤ ጠርዙ ደግሞ እንደበሰለ እንጀራ ዙሪያውን ተነስቷል። ጥፋቱ የእኔው ነው። በአንዱ ረድፍ ላይ ባሉት 15 ስፌቶች ሁሉ 1 ሚሊ ሜትር አብዝቼ ይዣለሁ፤ ከሁለቱም ቁራጭ ስለሚቀነስ ረድፉ 3 ሳንቲ ሜትር አጠረ፣ ጎረቤቱ ግን አላጠረም። ጠርዙንም ሳልለካ፣ የጨርቁን ዳር እየጎተትኩ ሰፍቼ የተረፈውን በመቀስ ቆርጬ ነበር። ተረተርኩት። የጨርቁን ስፋት በተለጠጠው ዳር ሳይሆን በመሃሉ ለካሁ፣ ጠርዙን በዚያው ልክ ቆረጥኩ፣ መሃሉንና ጫፎቹን በስፒል ያዝኩ፣ የሚተርፈውን ወገን ከታች አደረግኩ። የስፌት መኪናው ጥርስ የታችኛውን ጨርቅ ፈጠን አድርጎ ስለሚስበው ትርፉን ይበላዋል። የእማዬ ማቃመስ ነው፤ አሁን በኤሌክትሪክ ሆነ እንጂ።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን በረንዳ ላይ በእግር በሚረገጥ የሲንጀር መኪና የሚሰፋ አንድ ጋሼ ነበር። የከሰል ካውያውን ለመዋስ የምላከው እኔ ነኝ፤ ፍሙ እንዳይበተን ትንፋሼን ይዤ። አንዳንዴ ራሱ ይተኩስልኛል። እርጥብ ጨርቅ ደርቦ ካውያውን ያሳርፋል፣ ያነሳል፣ ያሳርፋል። «ካውያ አይገፋም፤ የገፋሽው ጨርቅ ይሸሻል» ይለኝ ነበር።

እዚህ ደግሞ ከፍዬ የገባሁበት ኮርስ ላይ አስተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን ይህንኑ ነገረችን። ሁላችንም ማስታወሻ ያዝን።

እዚሁ አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የመንደሯ ጥቁር ሴቶች ከነተበ የሥራ ልብስ የደረቱት የብርድ መከላከያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሂውስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ሆኖ ወጣ። ፎቶዎቹን ሳይ መስመሩ ቀጥ ያላለ፣ ጠርዙ የተወላገደ ብዙ አለ። የተረተረው ያለ አይመስልም። እኔ ለ3 ሳንቲ ሜትር ሦስት ቅዳሜ ጨርሻለሁ።

ይህን ካየሁ በኋላ የእኛን ድሪቶ ፈለግኩት። «ድሮ ቀረ! ለውሻው አነጠፍኩለት» አለች እማዬ። አሁን የምትለብሰው እኔው በሰው እጅ የላክሁላትን፣ ነብር የተሳለበትን የቻይና ብርድ ልብስ ነው። «ይሞቃል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ እንግዳ ሲመጣም አይደበቅም፤ አንቺ ምን ሆነሻል?» እውነቷን ነው። ድሪቶ ሲረጥብ ክብደቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጥጉን ይዤ አብሬያት የጨመቅኩት።

የእኔው ኩዊልት አንድ ጥጉ ላይ ከዚያ ሁሉ መተርተር በኋላም ትንሽ እብጠት ቀርታለች። በቪዲዮ አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ጥቂት አየችው።

«ተኚበት» አለችኝ፤ «ይተኛል»።