ጭሱ ቀረ፣ ቅጣቱ መጣ

ቦርደዴ ላይ ሲጋራ ብቻውን አይመጣም። ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ተነጥፎ ጫት ሲቃም አብሮ ይዞራል። በአዋሽና በሚኤሶ መሀል መኪናውን አቁሞ የሚያርፍ ሹፌርም ቀድሞ የሚለኩሰው እሱን ነው። ታላቅ ወንድሜና የአክስቴ ልጅ ማጨስ የለመዱት እንዲህ ነው። ወንድሜ እዚሁ ቀረ፤ የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ገባ።

እዚያ ሲጋራውን ጥሎ ወደ ቬፕ ዞረ። ሳሉ ቀለል አለው፤ ልብሱም መሽተት ተወ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ የጤና መድን ፎርም መጣ። ቬፕ እንደ ትምባሆ ተቆጠረበትና ከደመወዙ በየወሩ ጭማሪ ይቆረጥ ጀመር። «ኧረ ስሚ፣ ጭስ እኮ የለውም! ለምኑ ነው የምከፍለው?» ብሎ ደወለልኝ።

ነገሩ ሕጋዊ ነው። የአሜሪካ ሕግ አሠሪ ትምባሆ በሚጠቀም ሠራተኛ ላይ ከጤና ሽፋኑ ዋጋ እስከ 50 በመቶ እንዲጨምር ይፈቅዳል። አንዳንዱ አሠሪ ፎርሙን ያምናል፤ አንዳንዱ ኮቲኒን ይመረምራል። ኮቲኒን ሰውነት ኒኮቲንን ሲሰባብር የሚፈጠር ነገር ነው፤ በምራቅም በሽንትም ይገኛል። ኒኮቲኑ ከሲጋራ ይምጣ፣ ከቬፕ ይምጣ፣ ለማቆም ከሚታኘክ ማስቲካም ይምጣ፣ ይኼ ምርመራ አይለይም።

ግን ያው ሕግ አንድ በር ከፍቷል። የሚቀጣ አሠሪ ቅጣቱ የሚነሳበትን መንገድ ማቅረብ አለበት፤ ለምሳሌ ማጨስ የማቆሚያ ትምህርት። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው፣ ሱሱ ባይለቀውም፣ ጭማሪው ይነሳለታል። የአክስቴ ልጅ ይኼን ያገኘው ከፎርሙ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነው። ተመዘገበ።

በዚያው ሰሞን «ለወንድምሽ ቬፕ በሰው ልላክለት?» አለኝ። አሰብኩበት። እኛ ጋ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭን ከልክሏል። ሲጋራው ግን ዕድሜው 21 ለሞላ ሁሉ ይሸጣል። ሙሉ በሙሉ ወደ ቬፕ ለዞረ አጫሽ፣ ከሚቃጠል ትምባሆ የሚመጣው ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዙ ይቀንሳል፤ ኒኮቲኑ ግን ያው ሱስ ነው። ደግሞስ ፈሳሹ ያለቀ ቀን ወንድሜ ምን ያደርጋል? የሚሞላበት ሱቅ የለም፤ ሲጋራው ደጁ ላይ አለ።

«ቬፑን ተወው፣ የተማርከውን ላክልኝ» አልኩት።

በድምፅ ላከው፦ የምታጨስበትን ሰዓት ጻፍ፤ ከማን ጋር እንደሆንክም ጻፍ፤ መጀመሪያ ያንን ሰዓት ቀይር። ወንድሜ ሰምቶ ሳቀ። «የኔ ሰዓት የታወቀ ነው፣ በርጫ!» አለ። እስካሁን አላቆመም። የጻፈባት ወረቀት ግን ኪሱ ውስጥ አለች።