ከካቢኔቱ ቀለም በፊት ምጣዱ

ወጥ ቤት ሊያሠሩ የተነሱ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ የካቢኔት ቀለም ነው። ነጭ ይሻላል ግራጫ? እኔ ግን ሁልጊዜ የማስቀድመው ጥያቄ «ምጣዱስ የት ይቀመጣል?» የሚል ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በየሱቁ የምናየው የካቢኔት ልክ ከውጭ የመጣ ነው፤ ጥልቀቱ ወደ 60፣ ከፍታው ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእኛ ምጣድ ከነአካሉ ሰፊ ስለሆነ ከጠርዙ ይተርፋል። እዚያ ላይ ሲወጣ ደግሞ የምትጋግረው ሰው ክንዷን እስከ ትከሻዋ አንስታ ነው ሊጡን የምታዞረው። ለምጣድ ዝቅና ሰፋ ያለ ቦታ፣ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመርና ብሬከር፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት መስኮት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ግድግዳው ሳይለሰን መታሰብ አለበት።

ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 «የፍራንክፈርት ወጥ ቤት» የሚባለውን ንድፍ ስታወጣ መነሻዋ ሴቶች ሲሠሩ የሚመላለሱትን እርምጃ መቀነስ ነበር። ይህን አስተሳሰብ በጣም እወደዋለሁ። ድካም የማይቀንስ ወጥ ቤት ለእኔ ቆንጆ አይደለም፤ ግራናይቱ የቱንም ያህል ቢያበራ።

ስለዚህ መክተፊያው ከማጠቢያውና ከምድጃው አይራቅ። በርበሬና ሽሮው እጅ በሚደርስበት ይሁን። የልጆች ምሳ ዕቃም ራሳቸው በሚያነሱበት መደርደሪያ ይቀመጥ፤ የጠዋት ጥድፊያ ግማሹ እዚያ ላይ ነው።

እባካችሁ፣ ለካቢኔት ሠሪው ቀብድ ሳትከፍሉ ምጣዳችሁን በሜትር ለኩ፤ ንድፉንም ቤት ውስጥ እንጀራ ለምትጋግረው ሰው አሳዩአት።