ጥያቄ የለኝም ብለን የፈረምንበት ዘመን

ወረቀቷ ግማሽ ገጽ አትሞላም። ፎቶኮፒዋ የደበዘዘ፣ ስምና የብር መጠን የሚጻፍበት ቦታ ብቻ በነጥብ ክፍት የተተወላት ናት። ታች፣ ከፊርማው በላይ፣ «ክፍያዬን ሙሉ በሙሉ ስለተቀበልኩ ከእንግዲህ በፊልሙ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ትላለች። የምትፈረመው ቢሮ ተቀምጦ አይደለም። ቀረጻው ባለቀበት ሌሊት፣ መብራት ሲነቀል፣ ኬብል ሲጠቀለል፣ የመኪና ኮፈን ላይ ተዘርግታ ነው። ተዋናዩ ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ውሎ እግሩ ዝሏል፤ ቀሪ ክፍያው በፖስታ ታሽጎ ከፊቱ ቀርቧል፤ እስክሪብቶም ተዘጋጅቷል። ለእሱ የሚቀር ቅጂ የሚባል ነገር የለም። ይፈርማል፣ ፖስታውን ኪሱ ይከታል፣ ታክሲ ሳያመልጠው ይሮጣል።

ያን ዘመን ሳስብ ቆሽቴ ያራል። ተዋናይ በዚህ አገር እንደዚያ ተፈልጎ አያውቅም ነበርና። በ1990ዎቹ የቪዲዮ ካሜራ ሰው እጅ ሲገባ ፊልም መሥራት የመንግሥትና የባለጸጋ ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረ። «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሳሰሉ ሥራዎች ሕዝቡን ከቤቱ ነቅለው አወጡት። ለብዙ ዘመን የሕንድና የአሜሪካ ፊልም ሲያሳዩ የኖሩት እነ አምባሳደር፣ እነ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወደ አማርኛ ዞሩ። ቴዎድሮስ ተሾመ ሴባስቶፖል ሲኒማን፣ አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ አለም ሲኒማን ይዘው መጡ። በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት አዲስ ፊልም የሚመረቅበት ወቅት ደረሰ። ውጭም ቢሆን አላፈርንም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ሲያገኝ፣ «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ሲወስድ፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ላይ ሲታይ፣ ስክሪኑን የሞሉት የእኛው ተዋንያን ናቸው።

ፕሮዲዩሰሩ ያን ጊዜ ፊልሙን የሚሸጠው ፖስተሩ ላይ በሚለጥፈው ፊት ነበር። ድርሰቱን ያነበበ ተመልካች የለም፤ የአዘጋጁን ስም የሚጠይቅም ጥቂት ነው። ሰው ትኬት ሲቆርጥ የሚጠይቀው «ማን አለበት?» ብሎ ነው። ስማቸው የገነነ ተዋንያን ጠዋት ሳሪስ፣ ከሰዓት ሲኤምሲ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ሎኬሽን ይውሉ ነበር። የቀረጻ ፕሮግራም የሚወጣው እነሱ በሚመቻቸው ቀን ነው። ከአንዱ ፊልም ሥራ እስኪጨርሱ ሌላው ፕሮዲዩሰር መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ይሄ ሁሉ ጉልበት እጃችን ላይ ነበር።

ሕጉም ነበረ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ልክ ግርግሩ በሚጀምርበት ሰሞን ነው። ከዋኝን፣ ማለትም የሚተውነውንና የሚዘፍነውን ሰው፣ በስሙ ጠርቶ ባለመብት ያደርገዋል። ሕግ ግን መንገድ ነው የሚያሳይህ፤ ምን ያህል እንደምታገኝ የሚወስነው ውልህ ነው። ያስፈልግ የነበረው ስማቸው ፊልም የሚሸጥ አሥር አሥራ አምስት ሰዎች አንድ ቃል መናገራቸው ብቻ ነበር። የውሉ ቅጂ ካልተሰጠኝ ካሜራ ፊት አልቆምም። የሲኒማው ዋጋ ለብቻ፣ የቪሲዲው ለብቻ፣ የቴሌቪዥኑ ለብቻ፤ ነገ የሚመጣውን ደግሞ ነገ እንነጋገርበታለን። በቃ፣ ይሄው ነው። ትልልቆቹ እንዲህ ቢሉ ኖሮ ትንንሾቹ በእነሱ ጥላ ሥር ያልፉ ነበር።

ለምን አላልነውም? አንዱ ምክንያት ከመድረኩ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ሀገር ፍቅር ከ1927 ጀምሮ፣ ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 በ«ዳዊትና ኦርዮን» መጋረጃውን ከከፈተ ጀምሮ፣ ተዋናይ ቀስ በቀስ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል። ደመወዙ በስኬል ይመጣል፤ ጥሩ ተወነም፣ ሰነፈም፣ በወሩ መጨረሻ ያው ነው። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ልምምድ ያውቃል፣ ድምፁን እስከ ኋላኛው ወንበር ማድረስ ያውቃል፣ አንድ ቴአትር በየሳምንቱ ለዓመታት ሲጫወት እንደ መጀመሪያው ቀን ማድረግን ያውቃል። በዋጋው መደራደርን ግን ማንም አላስተማረውም። ሁለተኛው ነውር ነው። ቤተሰብ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» እያለ አልቅሶ የሸኘው ልጅ፣ ሙያውን የመረጠው ለገንዘብ እንዳልሆነ ሲያስረዳ ነው የኖረው። ለፍቅሩ ነው የምሠራው ሲል ከርሞ እንዴት ብሎ የቪሲዲ ድርሻዬስ ይበል? ፕሮዲዩሰሩም ይሄን አሳምሮ ያውቃል። «ወንድሜ፣ ይሄ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ አሁን ተባበረኝ፣ ሁለተኛው ላይ እክስሃለሁ» ይላል ትከሻ አቅፎ። ሁለተኛው ሲሠራ መሪ ተዋናዩ ሌላ ሰው ነው። ሦስተኛው ፍርሃት ነው፦ ኦዲሽን በተባለ ቁጥር ደጁን የሚሞላው ወጣት። «አንተ ካልሠራህ ወረፋ የያዘ አለ» የሚለው ቃል በግልጽ አይነገርም፤ ሁሉም ግን ይሰማዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ የትወና ሥራ ከተዋናዩ ዕድሜ በላይ እንደሚኖር አስቀድመን ማወቃችን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» እሱ ካረፈ በኋላ ስንት ጊዜ ተደመጠ! እሱ በሕይወት ሳለ ያልተወለዱ ልጆች ጉዱ ካሳን የሚያውቁት በወጋየሁ ጉሮሮ ነው። ይሄ ምሳሌ ከፊታችን ተቀምጦ ሳለ፣ የእኛ ሥራ ከሲኒማ ሲወርድ የሚያልቅ መስሎን ፈረምን።

አላለቀም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተሠሩ የውጭ ድራማዎችን ይዞ መጣ፤ ቤተሰቡ ማታ ማታ ሳሎኑ ውስጥ ቀረ። ስልክ በየእጁ ገባ። ኮቪድ ሲመጣ አዳራሾቹ ጭራሽ ተዘጉ። ፕሮዲዩሰሮቹ ወደ ሌላ ንግድ ዞሩ፤ ሲዞሩ ግን የድሮ ፊልሞቻቸውን ጥለው አልሄዱም። ሃርድ ዲስኩን እንዳለ ለዩቲዩብ ቻናሎች ሸጡት። ዛሬ ያ ሁሉ ፊልም እዚያ ነው። አንዳንዱን ከሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። በየመሃሉ ማስታወቂያ ይገባል፤ ገንዘቡ ለቻናሉ ባለቤት ይሄዳል።

ከፊልሞቹ ሥር የሚጻፈውን አስተያየት ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ ነው የሚበዛው። የሰው ቤት ስትሠራ ውላ ሌሊት ጆሮዋ ላይ ሰክታ የምታይ እህት ናት፤ አገሯን የምታገኘው በዚያ ፊልም ውስጥ ነው። አንዷ «ይሄን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ ሌላዋ ትጠይቃለች፦ «ይሄ ተዋናይ ግን የት ጠፋ?»

የት ጠፋ? ሠርግ ላይ መድረክ ይመራል። በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳል፤ ተሳፋሪው ፊቱን አውቆት ሰልፊ ይጠይቀዋል፣ ሂሳቡን ግን አይጨምርለትም። ለፌስቲቫል በተሰጠው ቪዛ አሜሪካ ቀርቶ ፓርኪንግ የሚሠራ አለ። እዚሁ ሆኖ ሲታመም ደግሞ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በማኅበራዊ ሚዲያ ይለጠፋል። ፈቃዱ ተክለማርያም፣ በመድረክም በሬዲዮ ትረካም አገር ያስደመመው ሰው፣ ኩላሊቱ ሲደክም ለሕክምናው ገንዘብ የተለመነው ከሕዝብ ነው። በ2010 አረፈ። ሕዝቡ ከኪሱ አውጥቶ መስጠቱ የሚያኮራ ነው፤ እንዲያ ያለ ባለሙያ የሰው እጅ እንዲያይ የሆነበት አሠራር ግን እስከ ዛሬ እርር ድብን ያደርገኛል።

ዛሬ ስለ ውል፣ ስለ ሮያሊቲ፣ ስለ ማኅበር በየመድረኩ ይወራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሲኒማው ሰው በሚናፍቅበት፣ ፊልም ሠሪው በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ ምን ብለህ ትደራደራለህ? ተከታታይ ድራማ የሚሠራው ወጣት በክፍል ሒሳብ ይከፈለዋል፤ ጥያቄ ካበዛ ገጸ ባህሪው ውጭ አገር ሄደ ተብሎ ከድርሰቱ ይወጣል። በትያትር ጥበባት ተመርቆ የወጣውም፣ ከመንገድ ተመልምሎ የመጣውም እኩል እዚያው ናቸው።

አሥር አሥራ አምስት ሰው ነበር ያልኩት ለአፌ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ተበታትነው የሚኖሩ፣ ለመገናኘት አጀንዳና የአዳራሽ ኪራይ የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም። በየሳምንቱ የፊልም ምርቃት ላይ፣ በዚያው በቀይ ምንጣፉ አልፈው፣ ከፊት በተያዘላቸው አንድ ረድፍ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። እኔም ከኋላቸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ስለ አለባበስ ተወራ፣ ስለ ፎቶ ተወራ፣ ከምርቃቱ በኋላ የት እራት እንደሚበላ ተወራ። ስለ ውል አንድ ሰው አፉን ሳይከፍት መብራቱ ጠፋና ፊልሙ ተጀመረ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው፣ ከዚያ በኋላም እንደዚያው፣ ዓመታት።