ፈቃድና ግርዛት

ለአብዛኞቻችን ኢትዮጵያውያን የወንድ ልጅ ግርዛት ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ክርስቲያኑ በስምንተኛው ቀን፣ ሙስሊሙም እንደየአካባቢው ልማድ በልጅነቱ ይገረዛል፤ በአገራችን ከ10 ወንዶች 9ኙ የተገረዙ ናቸው። ላልተገረዘውም «ቆላፍ» የሚል ስም አውጥተንለታል፤ ስሙም ስድብ ነው። ማንም ሳይጠይቀን የተፈጸመልንን ነገር የክብር መለኪያ አድርገነዋል።

ኑሮዬ ናይሮቢ ነው፤ በአንድ ኮሌጅ የስታትስቲክስ ትምህርት አስተምራለሁ። እዚህ ግርዛት የጎሳ ድንበር ጭምር ነው። የኪኩዩው ወይም የካሌንጂኑ ወጣት ሲገረዝ ከጎልማሶች ተርታ ይሰለፋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የሚኖረው የሉኦ ሕዝብ ግን በጥንት ልማዱ ልጆቹን ወደ ጉልምስና የሚያሸጋግረው ስድስት የታች ጥርሶችን በማውለቅ ነበር። ይህ ልዩነት ለፖለቲከኞች መሳለቂያ ሆኖ ኖረ፤ ከዚያም አልፎ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ የተካሄደውን ምርጫ ተከትሎ በተነሣው ሁከት፣ በ2008 መጀመሪያ፣ በናይቫሻና በናኩሩ ሉኦዎች በግዳጅ ተገረዙ። በዚያው ዓመት መንግሥት በሉኦዎች አገር በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የግርዛት አገልግሎት ጀመረ። ምላጩ በአንድ ዓመት ውስጥ የጥቃትም የሕክምናም መሣሪያ ሆነ።

ለሕክምናው መነሻ የሆኑት በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ በኬንያ ኪሱሙና በኡጋንዳ ራካይ የተካሄዱ ሦስት ጥናቶች ናቸው። ግርዛት ወንዱ ከሴት በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉን ከግማሽ በላይ፣ እስከ 60 በመቶ እንደሚቀንስ አሳዩ። የሸለፈቱ የውስጥ ገጽ ስስና በቀላሉ የሚሰነጠቅ፣ ቫይረሱ የሚያጠቃቸው ሕዋሳትም የሚበዙበት ነውና። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጋቢት 2007 ተጨማሪ የመከላከያ ዘዴ እንዲሆን መከረ።

ይህንኑ ለክፍል ልምምድ ባቀረብሁ ጊዜ ክርክሩ ከቁጥር አለፈ። አንዱ፣ «ምዋሊሙ፣ እኛ ተገርዘናል፤ ይህ የኪሱሙ ልጆች ጉዳይ ነው» አለ። ከኪሱሙ የመጣው በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ክሊኒክ ሄዶ በፈቃዱ መገረዙን ያለ ሐፍረት ተናገረ። የአገሩ ልጅ ግን፣ «አጎቴን በግድ ገርዘውታል። የተዋረድንበትን ነገር በነጻ ስለ ሰጡኝ ስጦታ ነው አልልም። ኮንዶም እጠቀማለሁ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ እመረመራለሁ» ሲል መለሰ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ ደግሞ፣ «ለእኛ ለሴቶችስ ምን አለው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ከሁሉም የከበደ ነበር። ግርዛት ሴቲቱን በቀጥታ አይጠብቃትም፤ የምትጠቀመው የተያዙ ወንዶች ቁጥር ሲቀንስ ነው። ቁስሉ ሳይድን ግንኙነት ከተፈጸመ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ ስለዚህ ነው ስድስት ሳምንት መታቀብ የሚታዘዘው።

የኪሱሙን ውጤት ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ከ18 እስከ 24 ዓመት የሆናቸው 2,784 ወጣቶች በዕጣ እኩል ለሁለት ተከፈሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሳይገረዙ እንዲቆዩ ከተመደቡት 47፣ እንዲገረዙ ከተመደቡት 22 በቫይረሱ ተያዙ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የ25 ሰዎች ልዩነት አለ፤ እሱን የሚንቅ ሰው ሕይወትን የናቀ ነው። ነገር ግን 22ቱም ሰዎች ናቸው። «እኛ ተገርዘናል» የሚለው ተማሪ ሊያያቸው የሚገባው እነሱን ነው።

ከአዲስ አበባ መጥቶ እኔ ዘንድ የሚማረው የእህቴ ልጅም እንደዚያ ተማሪ ነው። ነገሩን ሳነሣበት፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ በስምንተኛው ቀን ጨርሻለሁ» ብሎ ይሥቃል። ሣቁ ያሰጋኛል። በ1990ዎቹ አዲስ አበባን ያስለቀሰው ወረርሽኝ የመጣው በተገረዘ ሕዝብ ላይ ነበር፤ በየሰፈሩ የቀበርናቸው ወንዶች አብዛኞቹ እንደ እርሱ የተገረዙ ነበሩ። የዕድልን መቀነስ እንደ ዋስትና የቆጠረ ወጣት ኮንዶሙንም ምርመራውንም ይተዋል።

ሌላውም ጉዳይ የራሳችን ነው። ከኢትዮጵያ ለዚህ አገልግሎት ቅድሚያ የተሰጠው ጋምቤላ ነው፤ ኑዌሩና አኙዋኩ በልማዳቸው አይገረዙምና። በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በጋምቤላ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 4.8 በመቶ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን 0.9 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አሳይቷል። ከዚያ የመጣ ተማሪ ዶርም ውስጥ «ቆላፍ» እየተባለ ቢሰደብ፣ ክሊኒክ መሄድ ለተሳዳቢዎቹ እጅ እንደ መስጠት ይሆንበታል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በየቤታችን ሁለት ሥራ አለን። ለተገረዘው ልጃችን ስለ 22ቱ እንንገረው፤ ላልተገረዘው የሰው ልጅ ደግሞ ስድቡን እንተውለት። ፈቃድ የሚገኘው ሐፍረት ከሌለበት ቤት ነው።