ደም ልስጥ ወይስ ልመርመር?

እንዲያው ጎበዝ፣ ደም የምንሰጠው ለማን ብለን ነው? ለወላድ? መኪና ለገጨው? ወይስ የራሳችንን ውጤት ለማወቅ?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ወዳጄ ከፍቅረኛው ጋር ቀለበት ሊያስር ሲዘጋጅ፣ «ደም ባንክ ሄጄ ልለግስ፤ በዚያውም በነፃ ይመረምሩኛል፤ ማንም አያውቅብኝም» አለኝ። ጤና ጣቢያ ተሰልፎ ከታየ ወሬው ሰፈር ይደርሳል ብሎ ፈርቷል።

መመርመሩንስ ይመረምራሉ። የተለገሰ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ይታያል። ግን ልብ በሉ! ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምርመራው የማያገኝባቸው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት አሉ። ታዲያ ያ ደም ከአንኮበር እየደማች ወደ ደብረ ብርሃን ለተላከች ወላድ ቢሰጥስ? አንድ ከረጢት ደም እኮ ተከፋፍሎ እስከ 3 ሰው ሊደርስ ይችላል። ከመርፌው በፊት ስለ ወሲብ ሕይወታችሁ የምትጠየቁት ሊያሳፍሯችሁ አይደለም። ምርመራው ያላየውን የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ ነው።

ይህን ሁሉ ነግሬው ወዳጄ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ኤች አይ ቪ የለበትም፤ ሄፓታይተስ ቢ ግን ተገኘበት። የጉበት ቫይረስ ነው። ሰዉ «የወፍ በሽታ» እያለ በሌሊት ወፍ ያሳብባል እንጂ፣ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ነው። አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

«ልንገራት ወይስ ዝም ብዬ ልጥፋ?» አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቶ።

ንገራት አልኩት። ለኤች አይ ቪ ክትባት አልተገኘም፤ ለዚህ ግን አለ! ተመርምራ ነፃ ከሆነች፣ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ትወጋለች። እስከዚያ ኮንዶም አለ። እሱም ጉበቱን በሐኪም እያስከታተለ ይኖራል፤ ደም መለገስ ግን ቀርቶበታል።

ነገራት። ሦስት ቀን አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን ደውላ «ክትባቱ የት ነው የሚሰጠው?» አለችው።

እናንተስ? የምትጠራጠሩት ነገር ካለ መጀመሪያ ምርመራ ክፍል ግቡ። ከለገሳችሁ በኋላ ደም ባንኩ «ና» ወይም «ነይ» ካላችሁ ስልክ አትዝጉ። ጤነኛ ከሆናችሁ፣ ዕድሜያችሁ 18 ከሞላና ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ ካላነሰ ደግሞ ክንዳችሁን ዘርጉ። በሦስት ወር አንዴ ነው፤ ወላዷ እየጠበቀች ነው!