ሁለት ሽቦ በአንድ ማሳ

በጅቡቲ ከተማ የሚኖር የአማርኛና የፈረንሳይኛ ተርጓሚ የዕለት እንጀራው ከወደቡ ጋር የተሳሰረ ነው። የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህ በመሆኑ፣ የጭነት ሰነድ፣ የውል ስምምነት፣ የመድን ወረቀት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲገላበጥ ይውላል። እነዚህ ጽሑፎች ደረቅ ቢሆኑም መንገዳቸው የታወቀ፣ ቃላቸው የተለመደ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ስለ ሙያዬ ያስተማረኝ ግን አንድ ሳንቲም ያልተከፈለኝ የሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ በመኪና ላይ የሚገጠም የአየርና የቤንዚን ምጥጥን መለኪያ የሽቦ አዘረጋግ መመሪያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወገናችን ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ እየነዳ ያወረዳት፣ ካርቡራተር ያላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለችው። ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በእርሷ ዕቃ እያመላለሰ ነው። ካምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ በሚነሣበት፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት ሞተሩ ይግላል፤ ዳገት ላይ ያንኳኳል፤ ጉልበት ያጣል። ውጭ አገር የሚኖረው ልጁ መለኪያውን ገዝቶ ላከለት። መመሪያው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ ስለነበር፣ መካኒኩ «የሚያነብልኝ ሰው አምጣ» ብሎት እኔ ዘንድ መጣ።

አንባቢ ጉዳዩን እንዲከተል ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሳይተርፍና ሳያንስ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይሻል። አየሩ ካነሰ ያልተቃጠለ ቤንዚን ጥቀርሻና መርዘኛ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ኪስም ይጎዳል። አየሩ ከበዛ ደግሞ ሞተሩ ይግላል፣ ይደክማል፤ ጭነት በዝቶበት በዚያው ሁኔታ ከቀጠለም ቫልቩና ፒስተኑ እስከ መቃጠል ይደርሳሉ። ካርቡራተር ይህን ሚዛን የሚጠብቀው በቀዳዳዎቹ ስፋት ብቻ ነው፤ ያለበትን አገር ከፍታ አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከጅቡቲ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ በዚያ ያሉ ባለሙያዎች መኪናዪቱ ጥቁር ጭስ እንዳትተፋ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠባብ ለውጠውታል። ትክክል ሠርተዋል። ኮሮላዋ ግን ያንኑ ጠባብ ቀዳዳ ይዛ ወደ ባሕር ዳርቻ ወረደች። ለደጋው የተሰፋ ልብስ በቆላ እንደ መልበስ ነው።

መለኪያው የሚነግረን ይህንን ነው። በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ የሚገባ ሴንሰር ከተቃጠለው ጋዝ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ያነባል። ቦሽ የተባለው የጀርመን ድርጅት ይህን ዓይነት ሴንሰር በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በመኪና ላይ ቀድሞ የገጠመው የስዊድኑ ቮልቮ ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ሴንሰሩን ስለሚመርዘው፣ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መባቻ እርሳሱን እስኪያስወግዱ ድረስ በእኛ አካባቢ ብዙ የሚያገለግል ዕቃ አልነበረም።

መካኒኩ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 በደረሰባት በድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። የሙያው ቃላት ሁለት ወላጅ አላቸው፤ ካንዴላውና ማርሚታው ከጣልያንኛ፣ ሌላው ከባቡር ሠራተኞች ፈረንሳይኛ። መለኪያውን በእጁ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ይችን መኪና ሳልከፍታት አውቃታለሁ» አለኝ። ከዚያም ካንዴላውን ፈትቶ አሳየኝ። ጫፉ ነጭ ነበር። ጥቁር ቢሆን ቤንዚን በዝቷል፤ የቡና ዓይነት ቡኒ ቢሆን ደኅና ነው፤ ነጭ ከሆነ ግን ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። እንግዲህ በሽታውን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። የማያውቀው መጠኑን ነው፤ ቀዳዳውን በስንት ያስፋው? ካበዛው ደግሞ የድሃ ሰው ቤንዚን በጭስ ማውጫ ይወጣል።

የመጀመሪያው የትርጉም ችግር የገጠመኝ እዚህ ላይ ነው። አየር የበዛበትን ቅልቅል እንግሊዝኛው «ከሲታ» ይለዋል። ፈረንሳይኛው «ድሃ» ይለዋል፤ ተቃራኒውን ደግሞ «ሀብታም»። ሁለቱም ቋንቋዎች ነገሩን የሚያዩት ከቤንዚኑ ወገን ቆመው ነው። «ድሃ ቅልቅል» ብዬ ባነብለት ጋሼ ግራ ተጋባ፤ ድህነቱ የማን እንደሆነ አልታየውም። እርሱ የሚለው «አየር በዝቶበታል» ወይም «ቤንዚን አንሶታል» ነው። ከፈረንሳይኛው ይረዝማል፤ ግን የበዛውንም ያነሰውንም በስሙ ይጠራል። እኔም ወረቀቱን በእርሱ አባባል ተረጎምኩት። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ ቃሉም ከዚያው ከባለሙያው ልብ ቢቀዳ የተሻለ ነው።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ሴንሰሩ የሚገባበት ቀለበት በቧንቧው ላይ ሲበየድ ራሱ ወደ ላይ እንዲያጋድል ተደረገ፤ ወደ ታች ቢያይ በቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ የጋለውን ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል። ሴንሰሩ በትክክል ለማንበብ ከ700 ዲግሪ በላይ መሞቅ ስላለበት በውስጡ ማሞቂያ አለው። ስለዚህ ቀዩ ሽቦ በፊውዝ በኩል አልፎ፣ የሞተሩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ላይ ተያያዘ፤ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ቢያያዝ መኪናዪቱ ቆማም ባትሪውን እየጠጣ ያድር ነበር። የሴንሰሩ ገመድ ቢረዝምም እንዳይቆረጥ መመሪያው አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ በማገናኛው ጫፍ ውስጥ ለዚያው ሴንሰር ብቻ ተለክቶ የተቀመጠ መመጠኛ አለና። የተረፈው ገመድ ተጠቅልሎ ከጭስ ማውጫው ሙቀት ርቆ ታሰረ።

መለኪያው ሁለት አካል ነበረው፤ በሞተሩ በኩል የሚቀመጥ መቆጣጠሪያና ዳሽቦርዱ ላይ የሚሰካ ማሳያ። መቆጣጠሪያው ያነበበውን ከ0 እስከ 5 ቮልት ባለ ኃይል ይልካል፤ ማሳያው 0 ቮልቱን 10፣ 5 ቮልቱን 20 ብሎ ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። ረዳቱ ወጣት የማሳያውን ጥቁር ሽቦ በቅርብ ያገኘው ዳሽቦርድ ስር ያለ ብሎን ላይ አሰረው። መኪናዪቱ ተነሣች፤ ቁጥሩ መጣ። ነገር ግን የፊት መብራቱ ሲበራ ቁጥሩ ወረደ፤ ሲጠፋ ተመልሶ ወጣ። ጋሼ ሳቀና፣ «መብራት አብርተን ነው እንዴ ቤንዚን የምንጨምረው?» አለ።

መመሪያው ምክንያቱን ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን የመኪናውን ብረት እንግሊዝኛው «መሬት»፣ ፈረንሳይኛው «ማስ»፣ ጣልያንኛው «ማሳ» ይለዋል፤ መካኒካችንም «ማሳ» ይላል። ለአማርኛ ጆሮ ማሳ የሚታረስ፣ የሚዘራበት መሬት ነው። ሁለቱ ቃላት ዝምድና ሳይኖራቸው በአንድ ትርጉም መግጠማቸው ለተርጓሚ የማይረሳ ስጦታ ነው። ቮልት ማለት ከአንድ ወለል ተነሥቶ የሚለካ ከፍታ ነው። መቆጣጠሪያው ከአንድ ወለል፣ ማሳያው ከሌላ ወለል ከለኩ፣ የተላከውና የደረሰው ቁጥር አንድ ሊሆን አይችልም። የባሕሩ ጨው አየር ያዛገው ብሎን ደግሞ መብራቱ በሚስበው ኃይል ወለሉን ከፍ ያደርገው ነበር። ሴንሰሩ አልዋሸም፤ ማሳያውም አልተበላሸም። የተናገረውና የሰማው የቆሙበት መሬት ተለያየ እንጂ።

ጋሼ በሞተሩ ብረት ላይ አንድ ብሎን መርጦ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንጸባርቅ ፈገፈገው፤ ሁለቱንም ጥቁር ሽቦዎች እዚያው አንድ ላይ አጠበቃቸው፤ ዝገት እንዳይመለስ ግራሶ ቀባበት። ከዚያ በኋላ መብራቱ ቢበራ ቢጠፋ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። በዝርግ መንገድ ላይ 16.4 አለ። ነጩ ካንዴላ የተናገረው እውነት በቁጥር ተረጋገጠ። ቀዳዳው ሁለት ጊዜ በሰፋ ከተለወጠ በኋላ በዝርግ መንገድ ወደ 14.8፣ ነዳጅ ሲረገጥና ዳገት ሲወጣ ደግሞ ወደ 13 ተመለሰ። ወደ አርታ በሚወስደው ዳገት ስትፈተን አላንኳኳችም። ያ ወገናችን ያተረፈው ቁጥር ሳይሆን ሞተሩን ነው።

የማሳያው ቁጥርም ቢሆን ራሱ ትርጉም ነው። 14.7 የንጹሕ ቤንዚን አነጋገር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ስትጀምር፣ 10 በመቶ የተቀላቀለበት ቤንዚን ትክክለኛ ልክ ወደ 14.1 ወርዶ ነበር። ሴንሰሩ ግን የሚያነበው ላምዳ የተባለውን፣ ማለትም ያለው አየር ከሚፈለገው አየር ጋር ያለውን ንጽጽር ነው፤ ልኩ በየትኛውም ነዳጅ 1 ነው። ማሳያው ያንን 1 ቁጥር ሁልጊዜ 14.7 ብሎ ይተረጉመዋል። ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ቃሉ የሌላ አገር ሊሆን እንደሚችል ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ መዝገበ ቃላት የለም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በወደቡም የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲራገፉ እናያለን። ካርቡራተርም ካንዴላም የሌላቸው ናቸው። እነ ጋሼ በጆሮ፣ በአፍንጫና በዓይን ያከማቹት ዕውቀት፣ ከሁለት ባዕድ ቋንቋ ወስደው የራሳቸው ያደረጉት ቃል፣ ከአሮጌዎቹ መኪኖች ጋር አብሮ ሊያልፍ ነው። ከዚያ በፊት ቢያንስ በወረቀት መስፈር ይገባዋል። በነዚያ አዳዲስ መኪኖችም ቢሆን ማሳ አለ፤ የላላ ማሳ የተሳሳተ ቁጥር ማሳየቱም አይቀርም።

የአማርኛውን መመሪያ በእጅ ጽፌ ሰጠሁት፤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከመለጠፉ በፊት ረዳቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ በእንግሊዝኛውም በፈረንሳይኛውም ያልነበረ አንድ መስመር ከላይ እንድጨምር ጠየቀኝ። ጨመርኩት፤ «ቁጥሩን ከማመንህ በፊት ሞተሩ ይሙቅ»።