ምጽዋትና ክብር፦ በስደት ምድር ስለሚሰበሰቡ ማኅበራት



በመካከለኛው ምሥራቅ በሚገኙ ቁምስናዎቻችን ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ የሚሰበሰቡ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ጥቂት አይደሉም። ልማዱን ከአገራችን ይዘነው መጥተናል፤ እድርን፣ እቁብንና የጽዋ ማኅበርን የማያውቅ ከመካከላችን አይገኝምና። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ስደት ላይ ላለ ሰው ይህ አባባል የሕይወት ጉዳይ ነው። የታመመችውን የሚያሳክም፣ የሞተችውን ወደ አገሯ የሚሸኝ ዘመድ በአጠገቧ የለምና፣ ዘመዷ ማኅበሯ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማካፍላችሁ ሐሳብ አንድ ነው። ስብሰባችን፣ የምንጋብዛቸው ተናጋሪዎችና የምናሰባስበው ገንዘብ ሁሉ ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል፤ የሥርዓቱም ዓላማ የተቸገረውን ሰው ክብር መጠበቅ ነው። ይህን ከራሴ አላመነጨሁትም፤ ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ ከሄዱ ቅዱሳንና ከማኅበሬ እኅቶች የተማርሁት ነው።

ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል እ.ኤ.አ. በ1617 ሻቲዮን በምትባል ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ያገለግል ነበር። አንድ እሑድ ለቅዳሴ ሲዘጋጅ፣ ከከተማዋ ራቅ ብሎ በሚገኝ ቤት አንድ ቤተሰብ በሙሉ ታምሞ የሚረዳው እንዳጣ ነገሩት። እርሱም በስብከቱ ላይ ለምእመናኑ አሳሰበ። ከሰዓት በኋላ ሕመምተኞቹን ሊጠይቅ ሲወጣ፣ መንገዱን ምግብ ተሸክመው በሚሄዱና አድርሰው በሚመለሱ ሴቶች ተሞልቶ አገኘው። በምእመናኑ ቸርነት ተደሰተ፤ ሆኖም አንድ ነገር አስተዋለ። በአንድ ቀን የተትረፈረፈው ምግብ ይበላሻል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ያ ቤት እንደ ቀድሞው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ወዲያው ሴቶቹን ሰብስቦ በየተራ የሚያገለግሉበትን መንገድ አበጀ፤ ቆይቶም ደንብ ጻፈላቸው። በቸርነት ላይ ሥርዓት ሲጨመርበት የአንድ ቀን እርዳታ የዘወትር እንክብካቤ ሆነ።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ በፓሪስ የሕግ ተማሪ የነበረው ፍሬደሪክ ኦዛናም ከባልንጀሮቹ ጋር የሚሰበሰብበት የተማሪዎች የክርክር ጉባኤ ነበረው። በዚያም ስለ ታሪክና ስለ ሃይማኖት ንግግር ይደረግ ነበር። በክርክሩ መካከል ግን ከባድ ጥያቄ ቀረበላቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችሁ በጥንት ዘመን ብዙ ሠርታ ይሆናል፣ ዛሬ እናንተ ለድኾች የምትሠሩት ምንድን ነው? ተብለው ተጠየቁ። ኦዛናምና ጥቂት ወዳጆቹ ለጥያቄው በሥራ ሊመልሱ ኤፕሪል 23 ቀን 1833 ተሰበሰቡ፤ ዕለቱ ኦዛናም ሃያ ዓመት የሞላበት ነበር። የድኾቹን ቤት እንዴት እንደሚጎበኙ ያስተማረቻቸው በፓሪስ የድኾች ሰፈር ታገለግል የነበረችው ሲስተር ሮዛሊ ራንዱ ናት። ዛሬ ሁለቱም ብፁዓን ተብለዋል፤ እርሱ በ1997፣ እርሷ ደግሞ በ2003። የጀመሩት የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበርም በ150 ያህል አገሮች ይሠራል።

ያ ማኅበር እስከ ዛሬ ከሚጠብቃቸው ልማዶች ሁለቱን ልጥቀስላችሁ። አንደኛው፣ አባላቱ የተቸገረውን ሰው ሁለት ሁለት ሆነው በቤቱ ይጎበኙታል እንጂ እርሱን ወደ ስብሰባ አይጠሩትም። ሁለተኛው፣ በስብሰባው ላይ ከረጢት ይዞራል፤ እያንዳንዱ እጁን ያስገባል፣ ማን ምን ያህል እንደሰጠ ማንም አያይም።

ይህ መንፈሳዊ ቤት ለእኛ ለሐበሾች ባዕድ አይደለም። አቡነ ያዕቆብ ብለን የምንጠራቸው ቅዱስ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ ቅዱስ ቪንሴንት የመሠረተው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን ገብተው፣ በ1860 በዚያው ምድር እስኪያርፉ ድረስ የሕዝቡን አኗኗር እየኖሩ አገልግለዋል። ስለዚህ ከረጢቷን ስናዞር የሰው ልማድ የተዋስን አይምሰላችሁ፤ የአባታችን ቤት ልማድ ነው።

እኔ የምካፈልበት ማኅበር በቤይሩት ይሰበሰባል። አብዛኞቻችን የቤት ሠራተኞች ነን። በአገር ቤት እድር የቀረ ሰው ቅጣት ይከፍላል፤ እኛ ዘንድ ግን ቅጣት የለም። የእሑድ ዕረፍት በብዙዎቻችን እጅ ስላልሆነ፣ የቀረችውን እኅት «ለምን ቀረሽ?» ብለን አንጠይቃትም፤ ስትመጣ ያመለጣትን እንነግራታለን። ስብሰባው በጸሎት ይከፈታል፣ የዕለቱ ወንጌል ይነበባል፣ ጸሐፊዋ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ታሰማለች። ሕመምተኞችን የጠየቁ ሁለቱ እኅቶች ምን እንደሚያስፈልግ ይናገራሉ እንጂ ለማን እንደሚያስፈልግ አይናገሩም። ስሙን የሚያውቁት እነርሱና ካህኑ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ከረጢቷ ትዞራለች። አንዲት እኅት ከአሮጌ ነጠላ የሰፋቻት ናት። ደንባችን አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው እጁን ጨብጦ ያስገባል፣ ውስጥ ይከፍታል፣ ጨብጦ ያወጣል። የዚህ ደንብ ጥቅም በጉልህ የታየኝ የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀበት ዘመን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ገደማ ሲመነዘር ኖሮ፣ ከ2019 ወዲህ የሊራው ዋጋ ከቀን ወደ ቀን ተሸረሸረ። ደመወዛቸው በሊራ የሆነባቸው እጃቸው ላይ ወረቀት ቀረ፤ ለወራት ምንም ያልተከፈላቸውም ነበሩ። በዚያ ወቅት ከረጢቷ ተገልብጣ የሚቆጠረው እጅግ ጥቂት ነበር። ይሁንና እጇን ሳታስገባ ያለፈች አልነበረችም። ማን ባዶ እጇን እንዳስገባች እስከ ዛሬ አናውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገንም። ባዶ እጇን ያስገባችውም እኅት በቀጣዩ ስብሰባ ሳታፍር ተመልሳ መጥታለች። በቤተ መቅደሱ ሙዳየ ምጽዋት ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ያስተዋላት ጌታ ነው፤ እኛም የማየቱን ሥራ ለእርሱ ትተንለታል።

በየሁለት ወሩ እንግዳ ተናጋሪ እንጋብዛለን። አንድ ጊዜ ነርስ መጥታ ስለ ደም ግፊትና ስለ ኩላሊት አስተማረችን፤ ውኃ ሳይጠጡ ቀኑን ሙሉ በሥራ መዋል ምን እንደሚያስከትል የሰማነው ከእርሷ ነው። ሌላ ጊዜ የሕግ ባለሙያ መጡ። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በሰባተኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ እንዳደረገ፣ በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል ግን በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ ፊርማ ያለበት የደመወዝ ደረሰኝና ውሉ ሲያበቃ የመመለሻ ትኬት እንደሚፈቅድ አስረዱን። ውሉ የሚፈረመው በዓረብኛ በመሆኑ፣ የፈረሙትን ሳያውቁ ዓመታት የቆዩ እኅቶች በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙት። የውሉን፣ የፓስፖርቱንና የኢቃማውን ፎቶ በስልካችን እንድንይዝና ለአንድ ለምናምነው ሰው እንድንልክም መከሩን።

ለእንግዶች የሚቀርበው ጥያቄ በወረቀት ተጽፎ ያለ ስም በመሶብ ይሰበሰባል። በአሠሪዋ ቤት የደረሰባትን በሰው ፊት እጇን አውጥታ የምትናገር እኅት ጥቂት ናት። የሕግ ባለሙያው በመጡበት ቀን ከመሶቡ የወጡት ወረቀቶች ከጠበቅነው በላይ ነበሩ። ከወረቀቶቹ አንዱ ፓስፖርቷን ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ስላላየች ሴት ነበር። እርሳቸውም ለመላው ጉባኤ መለሱ፤ መልሱን የፈለገችውም ከመካከላችን ተቀምጣ ሰማች።

አሁን በማኅበራችን ውስጥ ስለተነሣ ከባድ ክርክር ልንገራችሁ። አንዲት እኅት ኩላሊቷን ታመመች። ደመወዟ ለወራት አልተከፈላትም፤ ወደ አገሯ ለመመለስ የትኬትና የሕክምና ገንዘብ ያስፈልጋት ነበር። በስብሰባው ላይ አንዳንዶች፣ አልጋ ላይ እንዳለች ፎቶ አንሥተን በፌስቡክና በቲክቶክ እንልቀቀው፣ ገንዘቡ በአንድ ሌሊት ይሞላል አሉ። ይህን ያሉት ጭካኔ ኖሮባቸው አይደለም። ነፍስ ከዕፍረት ትበልጣለች የሚል አሳብ ነበራቸው፤ አሳባቸውም ክብደት አለው። ክርክሩ ሲረዝም፣ በዕድሜ የምትበልጠን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት እኅት «ልጅቷን ጠይቃችኋታል?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ሁለቱ ጠያቂዎች ሄደው ጠየቋት። እናቷ መታመሟን እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ፎቶው ቢለቀቅ እናቷ ከጎረቤት ስልክ ላይ ታየዋለች፤ እርሷ ግን በአካል ተገኝታ፣ ቆማ ልትነግራት ትፈልጋለች። እኛም ፎቶውን ተውነው። እርሷ ራሷ ፈቅዳ ቢሆን ኖሮ እንለቅቀው ነበር፤ ጉዳዩ የእርሷ ነውና ቃሉም የእርሷ ነበር።

ገንዘቡ በዝግታ መጣ። በካህናችን ፈቃድ ከቅዳሴ በኋላ ዶሮ ወጥና የሐበሻ ዳቦ ሸጥን፣ ቡና አፈላን። በዚያው ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሱ የፊሊፒንስና የስሪላንካ ምእመናን ስሟን ሳይጠይቁ ድርሻቸውን ጨመሩ። ሁለት እኅቶች ገንዘቡን ቆጠሩ፣ ሦስተኛዋ መዘገበች፤ የትኬቱ ደረሰኝ በጉባኤው ፊት ስሙ ተሸፍኖ ታየ። ይህ ሁሉ አምስት ሳምንት ፈጀ። ለሕመምተኛ አምስት ሳምንት ረጅም መሆኑን አልክድም፤ ዛሬም በውሳኔው ያልተስማማች አንዲት እኅት አለችን፣ አሳቧንም እናከብራለን። ሕመምተኛዋ ግን በእግሯ ወደ አውሮፕላኑ ገባች፣ ለእናቷም በራሷ አንደበት ነገረቻት። ሕክምናዋ በአገር ቤት ቀጥሏል፤ በጸሎታችሁ አስቧት።

ውድ አንባቢያን፣ በያላችሁበት ቁምስና ማኅበር ካላችሁ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ፣ ገንዘብ ከማሰባሰባችሁ በፊት ከካህናችሁ ጋር ተማከሩ። እንደ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ባሉ አገሮች ፈቃድ ያለው አካል ካልሆነ በቀር እርዳታ ማሰባሰብ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በቅን ልብ የተጀመረ ነገር እኅታችሁን ሊያሳስር ይችላል። ሁለተኛ፣ የሰበሰባችሁትን እያንዳንዱን ሳንቲም መዝግቡ፣ ሒሳቡንም በጉባኤ አሰሙ፤ ስደተኛ የላቡን ዋጋ ነው የሚሰጠው። ሦስተኛ፣ ስለ ተቸገረው ሰው ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ሆናችሁ ሂዱና ራሱን ጠይቁት።

በጥሪ ወረቀትና በአበባ የደመቀ ስብሰባ ማድረግ ነውር የለበትም፤ ደስታም ያስፈልገናል። ነገር ግን ከስብሰባው ስትወጡ፣ በዚያ ቀን የተረዳችው እኅት በመካከላችሁ አንገቷን ቀና አድርጋ መቀመጥ ትችል እንደሆነ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

በስውር የሚያይ አባታችን የሁላችሁንም ድካም ይቀበል። ቅዱስ ቪንሴንትና አቡነ ያዕቆብ ይለምኑልን። አሜን።